ሰማያዊ ቶፓዝ፦ ከቀይ ባሕር ደሴት እስከ ኒውክሌር ማብላያ

ቶፓዝ ከአሉሚኒየም፣ ከሲሊከን፣ ከኦክስጅንና ከፍሎሪን የተሠራ ማዕድን ነው። ጀርመናዊው ፍሬድሪክ ሞስ እ.ኤ.አ. በ1812 ባወጣው የማዕድናት ጥንካሬ መለኪያ 8ኛው ደረጃ የተሰጠው ለእሱ ሲሆን፣ በዚያ መለኪያ የሚበልጡት የሰንፔርና የሩቢ ወገን የሆነው ኮረንደምና አልማዝ ብቻ ናቸው።

ስሙን ያገኘው ከሌላ ድንጋይ ነው። የጥንት ግሪኮች «ቶፓዚዮስ» ይሏት የነበረችው በግብፅ ዳርቻ አጠገብ ያለች የቀይ ባሕር ደሴት ዛሬ ዘበርገድ ትባላለች። ከእሷ ይወጣ የነበረው አረንጓዴ ዕንቁም አሁን ፔሪዶት በመባል የሚታወቀው ነው። ሮማዊው ፕሊኒ በ1ኛው ክፍለ ዘመን ስለዚሁ ድንጋይ ሲጽፍ፣ ከከበሩ ድንጋዮች መካከል የብረት ሞረድ የሚበላው እሱን ብቻ እንደሆነ መዝግቧል። ይህች አንዲት ማስታወሻ ጉዳዩን ትቋጨዋለች፤ ዛሬ ቶፓዝ የሚባለውን ሞረድ አይጭረውምና። በመጽሐፈ ኢዮብ ምዕራፍ 28፣ የጥበብ ዋጋ ሲነገር የተጠቀሰው የኢትዮጵያ ቶጳዝዮንም ይኸው የቀይ ባሕር ዕንቁ ሳይሆን አይቀርም።

ስሙ አሁን ለያዘው ማዕድን የጸናው በ18ኛው ክፍለ ዘመን ነው። በዚያን ጊዜ ቶፓዝ ሲባል በአውሮፓውያን ልብ የሚመጣው ቢጫ ቀለም ነበር። ከጀርመን ሳክሶኒ ግዛት፣ ከሽኔከንሽታይን ቋጥኝ የሚወጣው ቢጫ ነበር፤ በብራዚል በኦሮ ፕሬቶ አካባቢ የተገኘውም ወርቃማና ብርቱካናማ ነበር።

የልደት ድንጋይነቱም በዚሁ ቀለም ጀመረ። ዕንቁን ከወራት ጋር የማያያዝ ልማድ በአሮን የደረት ኪስ ላይ ከነበሩት 12 ድንጋዮች ጋር የሚያያዝ ነው። በገበያ ላይ የሚሠራበት ዝርዝር ግን እ.ኤ.አ. በ1912 የአሜሪካ የጌጣጌጥ ነጋዴዎች ማኅበር ያጸደቀው ሲሆን፣ ቶፓዝ ለኖቬምበር ደረሰው። ሰማያዊው ዓይነት ከጊዜ በኋላ ከቱርኩዝ፣ ከዚርኮንና ከታንዛናይት ጎን ለዲሴምበር ተወላጆች መሸጥ ጀመረ። ዲሴምበር በአብዛኛው በኢትዮጵያ አቆጣጠር ከኅዳር 22 እስከ ታኅሣሥ 22 ያለው ጊዜ ነው።

በተፈጥሮ ሰማያዊ የሆነ ቶፓዝ ብርቅ ነው፤ ሲገኝም ቀለሙ ፈዘዝ ያለ ነው። የአሜሪካዋ ቴክሳስ እ.ኤ.አ. በ1969 የግዛቷ ዕንቁ አድርጋ የመረጠችው ከሜሰን አውራጃ የሚወጣውን እንዲህ ያለውን ነው። ገበያውን ያጥለቀለቀው ደማቁ ሰማያዊ ግን የሰው እጅ ያለበት ነው። ከእ.ኤ.አ. 1970ዎቹ ወዲህ ከብራዚል፣ ከስሪላንካና ከናይጄሪያ በብዛት የሚገኘው ቀለም አልባ ቶፓዝ ጨረር እንዲያርፍበት ይደረጋል። ከጨረሩ ሲወጣ ብዙውን ጊዜ ቡናማ ወይም አረንጓዴ ቢጤ ነው። ወደ 200 ዲግሪ ሴልሺየስ በሚጠጋ ሙቀት ሲቆይ ቡናማው ይለቅና ሰማያዊው ብቻውን ይቀራል። በኤሌክትሮን ጨረር የታከመው እንደ ጠራ ሰማይ ነው፤ በኒውክሌር ማብላያ ኒውትሮን ያረፈበት ደግሞ ወደ ግራጫ የሚያደላውን ጥልቅ ሰማያዊ፣ ነጋዴዎች «ለንደን ብሉ» የሚሉትን ቀለም ይይዛል። ኒውትሮን የነካው ድንጋይ ለጊዜው ራሱ ጨረር ስለሚያመነጭ፣ ጨረሩ ከተፈቀደው መጠን በታች እስኪወርድ ድረስ ለወራት፣ አንዳንዴም ከዚያ ለበለጠ ጊዜ ይቀመጣል። በአሜሪካ ይህን የሚቆጣጠረው የኒውክሌር ቁጥጥር ኮሚሽን ነው።

ቀለሙ በፀሐይ ብርሃን አይለቅም፤ ውበቱም እውነተኛ ነው። ነውሩ ያለው ሻጩ ሕክምናውን ደብቆ በተፈጥሯዊው ዋጋ ሲሸጥ ነው። ቀለም አልባው ድንጋይ እንደልብ የሚገኝ በመሆኑ የታከመው ሰማያዊ ቶፓዝ ርካሽ ነው፤ ገዢም ይህን አውቆ የመግዛት መብት አለው።

ቶፓዝ አንድ ድክመት አለው። ጭረትን ቢቋቋምም በአንድ አቅጣጫ በቀላሉ ይሰነጠቃል። ስለዚህ ቆራጩ የፈርጡን ትልቁን ገጽ ከስንጥቁ አቅጣጫ ጥቂት ዲግሪ ያዘነብለዋል፤ በትይዩ ከሆነ በደንብ አይለሰልስለትምና። ቀለበት ላይ የሚያስቀምጠው አንጥረኛም ጥፍሮቹን ሲያጥፍ ኃይሉን ይመጥናል። አድርጎት የሚውል ሰውም ከግጭትና ከድንገተኛ ሙቀት ሊጠብቀው ይገባል፤ ለማጽዳት ለብ ያለ ውኃ፣ ሳሙናና ለስላሳ ብሩሽ ይበቃዋል።