ሕመምን ሳይደብቁ መማጸን፦ ጠበል በአገው ምድር

በሰባት ቤት አገው ምድር ምንጭን ማክበር ከጠበል ሥርዓት የቀደመ ነው። ከአዊ ዞን አጎራባች በሆነችው ሰከላ፣ ግልገል ዓባይ በሚነሣበት በግሽ ዓባይ፣ አገዎች ከብት እያረዱ ምንጩን ይማጸኑ እንደነበር በ1610 ዓ.ም. እዚያ የደረሰው ኢየሱሳዊው ፔድሮ ፓኤዝ ጽፏል፤ በ1763 ዓ.ም. የመጣው ስኮትላንዳዊው ጀምስ ብሩስም እንዲሁ። ይኸው ውኃ በአቡነ ዘርዐ ብሩክ ስም ጠበል ሆነ። ጻድቁ መጻሕፍታቸውን ለዓባይ አደራ ሰጥተው ሲመለሱ ውኃው አንዱንም ሳያርስ እንደመለሰላቸው ይተረካል።

የጠበል ልማድ የሚጀምረው ሕመምን በስሙ ከመጥራት ነው። ከዳንግላም ሆነ ከእንጅባራ የሄደ ሕመምተኛ የት እንደሚያመውና ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ ለካህኑ ይናገራል፣ የከበደውን ለንስሐ አባቱ ይገልጣል፣ ከዚያ ሱባኤ ይይዛል። በዕለታዊው ሰላምታም ቅደም ተከተሉ አለ። «እንዴት ነህ?» ሲባል «እግዚአብሔር ይመስገን» ይቀድማል፣ «ግን ወገቤን አሞኛል» ይከተላል። ምስጋናው ሕመሙን የሚክድ አይደለም፤ ሕመሙም ምስጋናውን አያስቀርም። ለዚህ አነጋገር ጥሩው መምህር ዳዊት ነው። በጎጃም የቆሎ ተማሪ ቃል በቃል የሚያጠናው፣ በጠበል ቦታም የሚደገመው ይህ መጽሐፍ እሮሮንና ውዳሴን አንድ ላይ ይዟል። ተስፋው የሚያጽናናውም ጭንቀቱን ሳያለዝብ ስለሚናገር ነው።

ሕመምንና ምስጋናን አብሮ የመያዝ ይህ ሚዛን የተፈተነበት ጊዜም አለ። በ1997 ዓ.ም. የኤች አይ ቪ መድኃኒት በነፃ መታደል ሲጀምር ከየክፍለ ሀገሩ ወደ እንጦጦ ጠበል የተሰበሰቡ ብዙ ሕሙማን «ድኛለሁ» ማለትንና መድኃኒት መውሰድን የማይታረቁ አድርገው ያዩ ነበር፤ ክኒኑን መዋጥ እምነት ማጣት መሰላቸው። መድኃኒቱን ያቋረጡ ተጎዱ። በ1999 ዓ.ም. ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ ጠበሉንም መድኃኒቱንም አብሮ መውሰድ እንደሚገባ በይፋ ተናገሩ። ይህ አዲስ ትምህርት አልነበረም፤ ሕመሙን ለካህኑ ሳይደብቅ ይናገር የነበረው የጥንቱ ተጠማቂ የያዘው መንገድ ነው።

ለአዊ ገበሬ ይበልጥ የሚቀርበው ግን የዝሆኔ ነገር ነው። በደጋው ቀይ የሸክላ አፈር ላይ በባዶ እግር ለዓመታት ያረሰ ሰው እግሩ ሊያብጥ ይችላል። ሕመሙ የዘር ወይም የእርግማን ነው ተብሎ ታማሚው ይገለል ነበር፤ ከቤተሰቡ ጋር መጋባትም ይሸሽ ነበር። በአዲስ አበባው አለርት ሆስፒታል የሠራው ሐኪም ኧርነስት ፕራይስ በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. የሕሙማንን ንፍፊት መርምሮ፣ መንስኤው በእሳተ ገሞራ ከተፈጠረ አፈር የሚገቡ ደቃቅ ቅንጣቶች መሆናቸውን አመለከተ። ይህ እውነት በሽተኛውን ከእርግማን ስም ነፃ ያወጣዋል፤ ጸሎቱንም አይከለክልበትም። ሕክምናው ያለማቋረጥ እግርን በውኃና በሳሙና ማጠብ፣ በቅባት ማለስለስ፣ ካልሲና ጫማ ማድረግ ነው። በጸሎተ ሐሙስ ካህኑ ዝቅ ብሎ የምእመናንን እግር ሲያጥብ ለሚያይ ሕዝብ እግር ማጠብ እንግዳ ነገር አይደለም።