አልጋ የተነፈገው ባለ ሜዳሊያ

በአሜሪካ ነብራስካ ክፍለ ግዛት፣ ክሮፎርድ ከምትባለው ትንሽ ከተማ ተነሥቶ ፎርት ሮቢንሰን እስከሚባለው የጦር ሠፈር የሚደርሰው መንገድ ሦስት ማይል ያህል ብቻ ነው። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1904 ግን ይህ አጭር መንገድ፣ ዕድሜውን በሙሉ በኮርቻ ላይ ለፈጀው ለጡረተኛው ሻምበል ባሻ ለጆርጅ ጆርዳን የማይደረስበት ሩቅ አገር ሆነበት። ሐኪሙ፣ ታማሚው በሠፈሩ ሆስፒታል ይተኛ ዘንድ ሁለት ጊዜ አመለከተ፤ ሁለቱንም ጊዜ ተከለከለ። ይልቁንስ ዋሺንግተን ወዳለው የአረጋውያን ወታደሮች መጠጊያ እንዲሄድ ተነገረው፤ በሞት አፋፍ ላይ ያለ ሰው የአገሩን እኩሌታ በባቡር አቋርጦ ይሂድ ማለት ምን ዓይነት ምክር እንደሆነ አንባቢ ይፍረደው። በዚያው ወር በ24ኛው ቀን፣ ብቻውን ይኖር የነበረው ሽማግሌ ሞተ፤ ሕያው ሳለ አልጋ የነፈገው ሠፈርም ሬሳውን በሙሉ ወታደራዊ ሥርዓት ተቀብሎ በራሱ መካነ መቃብር አሳረፈው።

ጆርዳን በቴኔሲ ክፍለ ግዛት፣ በዊልያምሰን አውራጃ፣ በባርነት ዘመን የተወለደ ነው። የእርስ በርሱ ጦርነት አልቆ ባርነት በተሻረ ማግስት፣ በ1866 የአሜሪካ ምክር ቤት ጥቁሮች የሚሰለፉባቸው ሬጅመንቶች እንዲቋቋሙ ሲደነግግ፣ ከባርነት ቀንበር ለወጡ ብዙ ወጣቶች የወታደርነት ደመወዝና ማዕርግ እንደ ሁለተኛ ልደት ሆኖ ታያቸው። እርሱም በዚያው ዓመት በእግረኛ ጦር ተቀጠረ፤ በ1870 ወደ 9ኛው ፈረሰኛ ሬጅመንት ተዛወረ፤ ከፊደል ጋር የተዋወቀውም በውትድርናው ውስጥ ነው። ነባሮቹ የአገሬው ነገዶች እነዚህን ጥቁር ፈረሰኞች «የጎሽ ወታደሮች» ብለዋቸው ነበርና፣ ስሙ ለታሪክ ቀረ።

ስሙን ያስጠራው ሥራ የተፈጸመው በኒው ሜክሲኮ በረሓ፣ በግንቦት 1880 ነው። ሃምሳ አለቃ ጆርዳን 25 ወታደሮች እየመራ የስንቅ ጋሪዎች በማጀብ ላይ ሳለ፣ ቪክቶሪዮ የተባለው የአፓቼዎች አለቃ ሠራዊቱን ይዞ ወደ ቱላሮዛ መንደር እየገሠገሠ መሆኑን የሚያስታውቅ መልእክተኛ ደረሰበት። ወታደሮቹ ከረዥሙ ጉዞ የተነሣ እጅግ ደክመው ነበርና፣ በትእዛዝ ከማስነሣት ይልቅ «ትሄዳላችሁ ወይ?» ብሎ ጠየቃቸው፤ እነርሱም ጉልበታችን እስካደረሰን ድረስ እንሄዳለን አሉ። ራታቸውን በልተው፣ እያንዳንዱም ሰው ድካሙ እንዲቀልለት እግሩን ታጥቦ፣ ከምሽቱ 2 ሰዓት ገደማ ተነሡ። ጆርዳን ይህን ታሪክ ከዓመታት በኋላ ሲተርክ የእግሩን መታጠብ ነገር አልዘነጋም፤ እኔም ይህን ባነበብሁ ጊዜ የጸሎተ ሐሙስ ሕፅበተ እግር ትዝ ሳይለኝ አልቀረም፤ ብዙ የጦር ታሪክ ጸሐፊዎች እንዲህ ያለውን ትንሽ ነገር ይዘልሉታልና።

ሌሊቱን በሙሉ ተጉዘው ሲነጋ መንደሩ ደረሱ፤ ቀኑንም ምሽግና የከብት በረት ሲሠሩ ዋሉ። ማምሻውን፣ በእርሱ ቃል ከመቶ የሚበልጡ አፓቼዎች ወረዱባቸው፤ ምሽጉ ግን አልተደፈረም። በሚከተለው ዓመት ነሐሴ 12 ቀን ደግሞ፣ በካሪዞ ሸለቆ፣ ናና የተባለው ሌላው የአፓቼዎች አለቃ 19 ወታደሮች ያሉትን ጭፍራ ሊከብብ በመጣ ጊዜ፣ የቀኙን ክንፍ ይዞ ምንም መከለያ በሌለበት ቦታ ላይ ተጋድሎ ጠላቱን መለሰ። ለእነዚህ ሁለት ተግባሮች የክብር ሜዳሊያ የተሰጠው ዘጠኝ ዓመት ያህል ቆይቶ በ1890 ነበር።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳልናገር ባልፍ ሐሰተኛ እሆናለሁ። ቪክቶሪዮና ናና የተዋጉት ከአባቶቻቸው ምድር ስለተነቀሉና ወደማይወዱት ስፍራ እንዲጋዙ ስለተፈረደባቸው ነው፤ ከባርነት የወጣውን ሰው፣ ሌላውን ሕዝብ ከርስቱ ለማስለቀቅ መሣሪያ አድርጎ ያሰለፈው መንግሥት አንድ ነው። ይህ የጆርዳንን ጀግንነት አይሽረውም፤ ነገር ግን እርሱን ስናከብር የቪክቶሪዮን ሕዝብ ወንበዴ አድርገን እንድንስል ፈቃድ አይሰጠንም።

በ1897፣ ሠላሳ ዓመት ካገለገለ በኋላ፣ በሻምበል ባሻነት ማዕርግ ጡረታ ወጥቶ ክሮፎርድ ተቀመጠ። በዚያ እንደ እርሱ ያሉ ጥቁር ጡረተኞች ሰፍረው ነበር፤ እርሱም መሬት ገዝቶ ባለ ርስት ሆነ።

በሞተበት ዘመን ፎርት ሮቢንሰን ላይ የሠፈረው ሌላው የጥቁሮች ፈረሰኛ ጦር፣ ማለት 10ኛው ሬጅመንት ነበር። የዚህ ጦር ቄስ ዊልያም አንደርሰን፣ እርሱም ጥቁር ነው፣ ሟቹ ተገቢውን እንክብካቤ በማጣት እንደ ሞተና ሆስፒታሉ እንዳልተቀበለው ነገሩን ሳይሸፍን በጽሑፍ መሰከረ። ስለዚህ አልጋውን የነፈገና ሥርዓተ ቀብሩን ያከበረ እጅ አንድ ነው ብለን አንሳት፤ በሩን የዘጋው የሆስፒታሉ ሹም ነው፣ ሬሳውን የሸኙት ግን የዚያው የጥቁር ፈረሰኛ ወገኖች ናቸው። ለእኔ ከሜዳሊያው ይልቅ ትልቁ ክብር የቄሱ ወረቀት ነው፤ ሜዳሊያው ጀግና እንደ ነበረ ይናገራል፣ ወረቀቱ ግን እንዴት እንደ ተበደለ ይናገራል፣ ሐውልት የሚያቆም ሁሉ ሁለተኛውን ሊጽፍ አይደፍርምና።

ፎርት ሮቢንሰን የጦር ሠፈርነቱ ከቀረ በኋላ የሙታኑ ዐፅም ፈለሰ፤ ጆርጅ ጆርዳንም ዛሬ በዚያው በነብራስካ፣ በፎርት ማክፈርሰን ብሔራዊ መካነ መቃብር ዐርፎ ይገኛል።