ያልተማረው ሕግ አስከባሪ

በአሜሪካ የአርካንሶ ጠረፍ በምትገኘው በፎርት ስሚዝ ከተማ አይዛክ ፓርከር የፌዴራሉን ዳኝነት የተረከበው በ1875 እ.ኤ.አ. ነበር። ሥልጣኑ ከከተማይቱ በስተ ምዕራብ የተንጣለለውን፣ ዛሬ ኦክላሆማ የሚባለውን የቀይ ሕንዶች ግዛት ይጨምራል። የነገዶቹ ፍርድ ቤቶች በመጤው ላይ ሥልጣን ስላልነበራቸው፣ ከአጎራባች አገሮች ያመለጠ ወንበዴ ሁሉ እዚያ ይሸሸግ ነበር። ይህን አገር እንዲያስሱ በዚያ ዓመት ከተቀጠሩት ምክትል ማርሻሎች አንዱ ባስ ሪቭስ የተባለ ጥቁር ገበሬ ነው።

ሪቭስ በ1838 በአርካንሶ በባርነት ተወለደ፤ ያደገው ግን ጌቶቹ ይዘውት በሄዱበት በቴክሳስ ነው። በእርስ በርሱ ጦርነት ዘመን ከጌታው አምልጦ ወደ ሕንዶቹ ግዛት ገባ። ከክሪኮችና ከሴሚኖሎች ጋር ኖሮ ቋንቋቸውን ለመደ፤ የአገሩን መግቢያና መውጫም አጠና። በሕግ ዓይን ኮብላይ የነበረው ሰው ኋላ ኮብላይ አሳዳጅ ለመሆን የበቃው በዚሁ ዕውቀቱ ነው።

ፊደል አልቆጠረም። የመያዣ ትእዛዞቹን ሰው እያነበበለት የተፈላጊውን ስምና ወንጀል በቃሉ ያጠናል፤ የትኛው ወረቀት የማን እንደሆነም ለይቶ ያውቅ ነበር። ምክትሎቹ ደመወዝ አልነበራቸውም፤ የሚከፈላቸው በያዙት ሰውና በተጓዙት ማይል ነበር። ስለዚህ ሪቭስ ሠረገላና ወጥ ቤት አስከትሎ ለሳምንታት ይወጣል፤ ሲመለስ እስረኞቹ ብዙ ናቸው። በዘመኑ ከ3,000 በላይ ሰው እንደያዘ ይነገርለታል። ቁጥሩ የተጋነነ ይመስላል፤ ለ32 ዓመት ሲካፈል ግን በዓመት 94 ያህል ስለሚሆን፣ ብዙ እስረኛ በአንድ ጉዞ ለሚነዳ ሰው የማይደረስበት አይደለም።

ሕጉ ለእርሱም አልራራለትም። በ1884 በጉዞ ላይ ወጥ ቤቱን በጥይት በመግደሉ ተከሶ ታሰረ። ጠመንጃው ባርቆበት እንደሆነ ተከራክሮ በ1887 በዚያው በፓርከር ችሎት ነፃ ወጣ፤ ይሁን እንጂ የክርክሩ ወጪ ሀብቱን አሟጠጠው። ከዚህ የከበደው በ1902 መጣ። ልጁ ቤኒ ሚስቱን ገደለ። ሪቭስ የመያዣውን ትእዛዝ ለሌላ አልተወም፤ ልጁን ራሱ ይዞ አስረከበ፤ ቤኒም የዕድሜ ልክ እስራት ተፈረደበት። ይህን የጨካኝነት ሥራ የሚሉ አይጠፉም። ሆኖም ቤኒ ሸሽቶ በሌላ አሳዳጅ እጅ ቢወድቅ ኖሮ በሕይወት መያዙ ያጠራጥር ነበር።

በኅዳር 1907 ኦክላሆማ ክፍለ ሀገር ሆና ስትቋቋም የፌዴራሉ ምክትሎች ሥራ አበቃ። አዲሱ ምክር ቤት ካወጣቸው ሕጎች የመጀመሪያው ጥቁርና ነጭ በባቡርና በጣቢያ እንዲለያዩ የሚያዝ ነበር። ነጩንም ጥቁሩንም ቀይ ሕንዱንም በአንድ ሠረገላ ለፍርድ ሲያቀርብ የኖረው ሪቭስ ያን ጊዜ ዕድሜው ወደ 70 ተጠግቷል። በመስኮጊ ከተማ ፖሊስ ሆኖ ተቀጠረና እስከ 1909 በእግሩ እየተዘዋወረ ሰፈር ጠበቀ። ያረፈው በጥር 1910 ነው።