ጎፈርና ጭምብል፦ ከንጉሥ ሽልማት እስከ እናቶች እጅ ሥራ



የካቲት ሲቃረብ በበቾ ቦሬ ቤቶች ሁሉ አንድ ወሬ ይነሳል። ልጆቻችን ከትምህርት ቤት ሲመለሱ «ለአድዋ በዓል የአርበኛ ልብስ ይዛችሁ ኑ ተብለናል» ይሉናል። ኅዳር 29 ቀን የብሔር ብሔረሰቦች በዓል ሲሆን ደግሞ የባህል ልብስ ይጠየቃል። በሰኔ፣ ተማሪዎች ሊመረቁ ሲሉ፣ ፊታቸውን ቀለም ቀብተውና ተመሳስለው የሚውሉበት ቀን አለ። ለእያንዳንዱ ቀን ልብስ ማከራየት ዛሬ ራሱን የቻለ ንግድ ሆኗል። አንድ ልጅ ብቻ ላላት እናት ይህ ወጪ ይቻል ይሆናል፤ አራት ልጅ ላላት ግን የሳምንት አስቤዛ ነው። ባለፈው ዓመት ከአባሎቻችን የአንዷ ልጅ የኪራዩ ገንዘብ ባለመገኘቱ የበዓሉን ዕለት ቤት ውላለች። ጉዳዩ በወርሃዊ ስብሰባችን ላይ ሲነሳ፣ እንዲህ ያለውን ልብስ በራሳችን እጅ ሠርተን ለልጆቻችን በነፃ ማዋስ እንደምንችል ተስማምተናል።

ከመሥራታችን በፊት ግን የምንሠራውን ነገር ማወቅ ይገባናል። ጎፈሩ ምን ነበር? ማን ያደርገው ነበር? ማንስ ይሰጠው ነበር? ይህን ጽሑፍ ያዘጋጀነው ለዚህ ነው።

ልብስ እንደ ምስክር ወረቀት

ጎፈር ከአንበሳ ጋማ የሚሠራ፣ በራስ ላይ የሚደረግ የጀግና ጌጥ ነው። ለምድ ከትከሻ ላይ የሚወርድ ካባ ሲሆን ጫፎቹ እንደ እንስሳ እግር ይንጠለጠላሉ። ተራው ወታደር የበግ ለምድ ይለብስ ነበር፤ ሹሙና ጀግናው ደግሞ የአንበሳ፣ የነብር ወይም በወርቅና በብር ያጌጠ የከፋይ ለምድ ይለብሳል። ጋሻውም ከጎሽ ወይም ከጉማሬ ቆዳ የሚሠራ ሆኖ፣ የባለቤቱ ማዕረግ ከፍ ባለ መጠን የብርና የነሐስ ጌጥ ይበዛበት ነበር።

ዋናው ነገር ግን እዚህ ላይ ነው። የከበረውን ለምድና ጎፈር ገንዘብ ያለው ሁሉ ገዝቶ የሚለብሰው አልነበረም። ንጉሡ ወይም መስፍኑ በጦር ሜዳ ሥራውን ላሳየ ሰው ከሠይፍና ከተሸለመ በቅሎ ጋር ይሸልመው ነበር። እኛ በሒሳብ ሥራ ላይ ያለን ሰዎች ያለ ደረሰኝ ወጪ አንመዘግብም። በዚያ ዘመን ለምዱ ራሱ ደረሰኝ ነበር። የለበሰውን ያየ ሰው ሁሉ «ይህ ሰው አንድ ነገር ሠርቷል» ብሎ ያነብበዋል።

ራስ ላይ የሚደረግ ነገር ምን ያህል ክብደት እንደነበረው ለማየት ከእኛ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። በ1889 ዓ.ም. የዳግማዊ ምኒልክ ሠራዊት በራስ ወልደ ጊዮርጊስ መሪነት ወደ ጎረቤታችን ወደ ከፋ ሲዘምት፣ የጅማው ንጉሥ የአባ ጅፋር ሠራዊትም አብሮ ነበር። የከፋው ንጉሥ ታቶ ጋኪ ሸሮቾ ከተያዙ በኋላ ዘውዳቸው ጭምር ተወሰደ። ዘውዱ ከቦታው ከሌለ መንግሥቱ አይመለስም የሚል እምነት ስለነበረ፣ የምኒልክ አማካሪ በነበረው በስዊዘርላንዳዊው አልፍሬድ ኢልግ እጅ ከአገር ወጥቶ ለብዙ ዓመታት በስዊዘርላንድ ቆየ። የተመለሰው ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ያንን አገር በጎበኙበት በ1947 ዓ.ም. ነው። አንድ የራስ ጌጥ የአንድ ሕዝብ መንግሥት ምልክት ተደርጎ ይታይ እንደነበረ ከዚህ እንረዳለን።

የአስቴር ታሪክና የአይሁድ በዓል

ልብስ ክብርን እንደሚመሰክር የሚናገር ሌላ ታሪክ በመጽሐፈ አስቴር ውስጥ አለ። ታሪኩ የሚጀምረው ግዛቱ ከህንድ እስከ ኢትዮጵያ በሚደርስ በፋርስ ንጉሥ ቤት ነው። ሹሙ ሐማ አይሁድን ሊያስጠፋ ተነሣ፤ ንግሥት አስቴርና ዘመዷ መርዶክዮስ ሕዝባቸውን አዳኑ። በታሪኩ መካከል ንጉሡ ሊያከብረው የሚወድደው ሰው ምን እንዲደረግለት ይጠይቃል። መልሱም የንጉሡን ልብስ ይልበስ፣ ንጉሡ በተቀመጠበትም ፈረስ ይቀመጥ የሚል ነበር። ማቅ ለብሶ የነበረው መርዶክዮስ በዚያ ልብስ በከተማይቱ አደባባይ ዞረ። ለምድና የተሸለመ በቅሎ ለሚያውቅ ለአገራችን ሰው ይህ እንግዳ ነገር አይደለም።

አይሁድ ያንን መዳን የሚያከብሩበት በዓል ፑሪም ይባላል። በዓሉ የሚውለው በየካቲትና በመጋቢት መካከል፣ እኛ ልጆቻችንን ለአድዋ በምናለብስበት ሰሞን ነው። በዚያ ቀን ልጆች ንጉሥና ንግሥት መስለው፣ ጭምብል አጥልቀው ይወጣሉ። ጭምብሉ ግን ከመጀመሪያው የነበረ አይደለም። ብዙ የታሪክ ሰዎች እንደሚሉት ልማዱ ከአምስት መቶ ዓመት ገደማ በፊት በጣሊያን አገር የሚኖሩ አይሁድ ከጎረቤቶቻቸው የካርኒቫል በዓል የወሰዱት ነው።

በጎንደርና በአካባቢው ይኖሩ የነበሩት ቤተ እስራኤል ደግሞ የአስቴርን ጾም ይጾሙ ነበር እንጂ ፑሪምን በጭምብልና በጭፈራ አያከብሩም ነበር። አንዱ ታሪክ በአንዱ አገር ጾም፣ በሌላው አገር ጨዋታ ሆነ ማለት ነው። በግንቦት 1983 ዓ.ም. ከ14,000 በላይ ቤተ እስራኤል በሁለት ቀን ውስጥ በአውሮፕላን ወደ እስራኤል ሲወሰዱ፣ እናቶቹ የሚያውቁት ጾሙን ነበር፤ ልጆቻቸው የሚገቡበት ትምህርት ቤት ግን የፑሪም ልብስ የሚለበስበት ነው። ትምህርት ቤት አዲስ ልማድ ወደ ቤት ሲያስገባ የመርፌውና የክሩ ሥራ እናት ላይ እንደሚወድቅ እኛም እናውቃለን።

ጭምብል በአገራችን

በምዕራብና በመካከለኛው አፍሪካ ብዙ ሕዝቦች ከእንጨት ጠርበው የሚሠሩት የፊት ጭምብል በዓለም የታወቀ ነው። በእኛ አገር የተለመደው ግን ፊትን መሸፈን ሳይሆን ራስንና ትከሻን ማስጌጥ ነው። ጀግናው ጎፈር ቢያደርግም ፊቱ ይታያል፤ መታየቱም ይፈለጋል። እኛ የሸፈንነው ንግግራችንን ነው። ሰሙን አስቀድመን ወርቁን ከሥሩ እንደብቃለን፤ ጅብና አህያን በተረት እያናገርን ሰውን እንወቅሳለን።

የአገራችን የመጀመሪያው ዘመናዊ ቴአትርም የመጣው በዚሁ መንገድ ነው። በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም በ1913 ዓ.ም. ገደማ «የአውሬዎች ኮሜድያ» የተባለውን ድርሰት ለመድረክ አበቁ። ታሪኩ የእንስሳት ይምሰል እንጂ ወቀሳው በዘመኑ አስተዳደር ላይ ነበር። ገብቷቸው የተቆጡ ስለነበሩ በንግሥት ዘውዲቱ ዘመን ቴአትር ተከለከለ። እኚህ ሰው በልጅነታቸው አድዋ የዘመቱ ናቸው። ኋላም የአገሪቱን የመጀመሪያ ሕገ መንግሥት አርቅቀዋል፤ የገንዘብ ሚኒስትርም ሆነዋል። ሒሳብ የሚያውቅ ሰው ቴአትርም ሊያውቅ እንደሚችል ለማስታወስ ያህል ነው።

«ጭምብል» የሚለው ቃል በየቤታችን የገባው ግን ኮሮና በመጋቢት 2012 ዓ.ም. ወደ አገራችን በገባ ጊዜ ነው። የሚገዛው ሲጠፋና ሲወደድ፣ ከእኛ መካከል ስፌት የሚያውቁ ከነጠላ ቁራጭና ከአሮጌ አንሶላ እየሰፉ ለጎረቤት አደሉ። እጃችን ልምዱን ያገኘው ያኔ ነው።

ያልተመዘገበው ወገን

አሁን ወደ አድዋ እንመለስ። በበዓሉ ቀን ወንዶች ልጆች ጎፈር አድርገው፣ ጋሻና ጦር ይዘው ይሰለፋሉ። ለሴቶች ልጆች አንድ የእቴጌ ጣይቱ ልብስ ይዘጋጅና አንዲት ልጅ ትመረጣለች። የቀሩት ያጨበጭባሉ።

ይህ ከታሪኩ ጋር አይታረቅም። የምኒልክ ጦር ከአዲስ አበባ የተነሣው በጥቅምት 1888 ዓ.ም. ሲሆን ውጊያው የተደረገው የካቲት 23 ቀን ነው። ከአራት ወር በላይ የተጓዘው ሠራዊት ብዙ ስንቅ ያስፈልገው ነበር። በሶውን የፈጨችው፣ ድርቆሹን ያዘጋጀችው፣ እንስራ አዝላ ውሃ የቀዳችው፣ ቁስለኛውን ያነሣችው ሴት ናት። በጥር ወር መቀሌ ላይ በምሽግ ውስጥ የነበረው የጣሊያን ጦር እንዲለቅ ያስገደደውም የውሃው ምንጭ መያዙ ነው፤ ያንን ምክር ያመጡት እቴጌ ጣይቱ ናቸው። በአድዋው ውጊያ ዕለትም ሴቶች ውሃ እያመላለሱ ተዋጊውን ሲያጠጡ ውለዋል።

ለእነዚህ ሴቶች ጎፈር የሸለማቸው የለም። ልብስ ደረሰኝ ነው ካልን፣ ደረሰኝ ያልተቆረጠለት ሥራ ማለት ይህ ነው። ያለ ደረሰኝ የቀረ ሥራ ደግሞ ልጆቻችን በሚያዩት መዝገብ ላይ አይታይም። ስለዚህ ልብሱን ራሳችን መሥራታችን ወጪ ከመቀነስ ያለፈ ጥቅም አለው። የሚከራየው ልብስ የተሠራው ለተዋጊው ብቻ ነው። እኛ ግን የጎደለውን መሙላት እንችላለን።

እንዴት እንሥራው?

ጎፈር። በአካባቢያችን ከእንሰት የሚወጣው ቃጫ በገበያ ይገኛል። የልጁን ራስ ዙሪያ በሜትር ለክታችሁ ሁለት ሴንቲሜትር ጨምሩና ጠንከር ያለ የጨርቅ ጥብጣብ ቁረጡ። ቃጫውን አበጥራችሁ በ30 ሴንቲሜትር ቁመት ቁረጡት፤ ለሁለት እያጠፋችሁ ጥብጣቡ ላይ በሦስት ረድፍ ስፉት። ለቀለሙ የቡና አተላ ከውሃ ጋር አፍልታችሁ ቃጫውን አሳድሩበትና በጥላ አድርቁት፤ ሁለት ጊዜ ቢደገም ይደምቃል። የአንበሳ ጋማ አንድ ዓይነት ቀለም ስለሌለው ጥቂቱን ሳትነክሩ ቀላቅሉ። እውነተኛ የአንበሳና የነብር ቆዳ አንፈልግም። የዱር እንስሳት ሕግም ያለ ፈቃድ ይዞ መገኘትን ይከለክላል።

ጋሻ። ሁለት ካርቶን በሙጫ አጣብቃችሁ ስፋቱ 35 ሴንቲሜትር የሆነ ክብ ቁረጡ። ከጠርዙ እስከ መሐሉ አንድ ጊዜ ሰንጥቃችሁ ጫፎቹን በጥቂቱ ብታደራርቡ መሐሉ ወደ ውጭ ይወጣል። ጠፍጥፈው የተመቱ የለስላሳ ቆርኪዎች የብሩን ጌጥ ይተካሉ። ለእጀታው አሮጌ ቀበቶ ይበቃል። ጦሩን ከሸምበቆ ሥሩ፤ ጫፉ ከካርቶን ይሁን፣ ሹል አይሁን።

ለምድ። ያረጀ ብርድ ልብስ ወይም ከፋይ ይሆናል። ጫፉን በአራት ቦታ ረዘም አድርጋችሁ ብትቆርጡት እንደ እግር ይንጠለጠላል።

ጭምብል። ለተረት ጨዋታ ጅብም ጦጣም መሥራት ይቻላል። የፉርኖ ዱቄት በውሃ አቅጥናችሁ አፍሉ። አሮጌ ጋዜጣ እየቀደዳችሁ፣ እየነከራችሁ በተነፋ ፊኛ ግማሽ ገጽ ላይ አራት ንብብር ለጥፉ። በደንብ ሲደርቅ ፊኛውን አውጡና ዓይኑን፣ አፍንጫውንና አፉን ሰፋ አድርጋችሁ ክፈቱ፤ ልጁ እንዲያይና እንዲተነፍስ። ከኋላ በላስቲክ ይታሰራል። ለትንንሽ ልጆች ግን ፊት ከመሸፈን ይልቅ ግንባር ላይ የሚታሰር ይሻላል።

የስንቅ አዘጋጇና የውሃ ቀጂዋ ልብስ። ቀሚስ፣ በወገብ ላይ በጠበቀ መቀነት የታሰረ ነጠላ፣ ትንሽ አገልግል። እንስራውን እንደ ጭምብሉ በፊኛና በጋዜጣ ሥሩት፤ ሲደርቅ ቀላል ስለሆነ ልጅ አትከብዳትም። በአገልግሉ ውስጥ ትንሽ በሶ ወይም ጭኮ ቢኖርበት፣ ልጅቱ በሰልፉ ላይ «ይህ ምንድነው?» ስትባል የምትናገረው ታሪክ ይኖራታል።

የሥራው አፈጻጸም እንደሚከተለው ነው። ከጥር መጀመሪያ ጀምሮ ዘወትር ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በማህበሩ ግቢ እንሰበሰባለን። አሮጌ ብርድ ልብስ፣ ካርቶን፣ ቆርኪና ጋዜጣ ያላችሁ ይዛችሁ ኑ፤ ቃጫው ከማህበሩ መጠባበቂያ ይገዛል። የስፌት መኪና ያላቸው እህቶች ለጥብጣቡ ይረዱናል። የተሠራው ሁሉ በንብረት መዝገብ ገብቶ፣ አባል ለሆነችም ላልሆነችም የሰፈራችን እናት በፊርማ በነፃ ይሰጣል፤ ከበዓሉ በኋላ ታጥቦና ተጠግኖ ይመለሳል። በመዝገቡ ላይ ለእያንዳንዱ ጎፈር አንድ እንስራ እንዲኖር ወስነናል።