በእግራችን ሥር ያለው ድንጋይ ስንት ዓመቱ ነው?

ለሥልጠና ወደ አዲስ አበባ ስንጓዝ ደጀንን አልፈን ዓባይ በረሃን መውረድ እንደጀመርን፣ ወርቅ አጥባ ልጆቿን ያሳደገች እህታችን በመስኮት እያየች «ይህ ገደል እንደ እንጀራ የተደራረበው ለምንድን ነው?» ብላ ጠየቀችን። መልስ አልነበረንም። ከተመለስን በኋላ አንብበንና ጠይቀን ያገኘነው ይኸው።

ከላይ ያለው ጥቁር ድንጋይ ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ቀልጦ የፈሰሰ ነው። ከሥሩ የኖራ ድንጋይ አለ፤ በውስጡም የባሕር ቀንድ አውጣና ዛጎል ቅሪተ አካል ይገኛል። ከ150 ሚሊዮን ዓመት በፊት እዚያ ባሕር ነበረ ማለት ነው። ከዚያ በታች ጀሶ፣ ከጀሶው በታች የአሸዋ ድንጋይ። ደረሰኝ በየቀኑ ስንደራርብ የታችኛው የቆየው እንደሚሆን ሁሉ ገደሉም እንደዚያው ነው።

ግን ቅደም ተከተል ዓመት አይነግርም። የማኅበሩን ሂሳብ የምንይዝ እንደመሆናችን ማስረጃ የሌለው ቁጥር አይዋጥልንም። ማስረጃው ፖታሲየም ነው። ድንጋይ ሲቀልጥ በውስጡ ያለው አርጎን የሚባል ጋዝ ይወጣል፤ ሲቀዘቅዝ ሂሳቡ ከዜሮ ይከፈታል። ከዚያ ወዲህ አንዱ የፖታሲየም ዓይነት በታወቀ ፍጥነት እየተለወጠ አርጎን ያጠራቅማል፤ ግማሹ እስኪለወጥ 1.25 ቢሊዮን ዓመት ይፈጃል። ኅዳር 1967 ዓ.ም. አፋር፣ ሐዳር ላይ የተገኘችው ድንቅነሽ 3.2 ሚሊዮን ዓመቷ የተባለው አጥንቷ ተለክቶ አይደለም። በዚያው አካባቢ የተነጠፈው የእሳተ ገሞራ አመድ በዚህ መንገድ ተለክቶ ነው።

የእኛስ አገር? ዓባይ ወደ ምዕራብ ወርዶ ጉባ ሲደርስ የሚቆርጠው ከእነዚያ ንጣፎች ሁሉ ሥር ያለውን አለት ነው። የሕዳሴው ግድብ የቆመው በእሱ ላይ ነው፤ የክልላችን እምነ በረድና ወርቅም ከእሱ ነው። ዕድሜው ከ540 ሚሊዮን ዓመት በላይ ስለሆነ ዛጎል መፈለግ ከንቱ ድካም ነው፤ ዛጎል ያላቸው እንስሳት ገና አልበዙም ነበር። እዚህ የሚጠየቀው ዚርኮን የሚባል ደቃቅ ማዕድን ነው፤ በውስጡ ያለው ዩራኒየም ቀስ በቀስ እርሳስ ወደሚባለው ብረት ይለወጣል። አሜሪካዊው ክሌር ፓተርሰን በ1956 እ.ኤ.አ. ከሰማይ በወደቀ ድንጋይ ውስጥ ያለውን እርሳስ ለክቶ ምድር 4.55 ቢሊዮን ዓመቷ ነው ያለውም በተመሳሳይ ሂሳብ ነው።

ዚርኮን ከባድ ስለሆነ ወርቅ ሲታጠብ ከጥቁሩ አሸዋ ጋር ገበቴው ሥር ይቀራል። ይህን ለእህታችን ስንነግራት ሳቀች። «እኔ እኮ ስንት ዓመት ሙሉ ስደፋው ኖርኩ!» አለችን።