ከቁራኛ እስከ ማረሚያ ቤት፤ የጠባቂው ትምህርት

በዚህ አጭር ጥናት የምንመረምረው የእስረኛውን ሳይሆን የጠባቂውን ታሪክ ነው። ስለ እስር ቤት ሲጻፍ ግንቡና ሰንሰለቱ ይወሳሉ እንጂ፥ ቁልፍ ያዡ ምን ተምሮ ወደ ሥራው እንደ ገባ የሚጠይቅ ጥቂት ነው።

በቀድሞው ሥርዐት ከሳሽና ተከሳሽ፥ ባለገንዘብና ባለዕዳ በአንድ ሰንሰለት ይቈራኙ ነበር። «ወህኒ» የሚለው ቃልም የጎንደር ነገሥታት ለዙፋን የሚያሰጉ መሳፍንትን ያኖሩበትን የወህኒ አምባን ያስታውሰናል። የከፋው ንጉሥ ጋኪ ሸሮቾ በ1890 ዓ.ም. መጀመሪያ በራስ ወልደ ጊዮርጊስ ጦር ተይዘው ከተወሰዱ በኋላ ዳግመኛ በአገራቸው አልነገሡም። በነዚህ ሁሉ ጠባቂው የሚጠየቀው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ይኸውም እስረኛው አለማምለጡን ነው።

ሕጉ ግን ቀስ በቀስ ሌላ ሥራ ጨመረለት። በ1936 ዓ.ም. የወህኒ ቤቶች ዐዋጅ ወጣ፤ በ1949 ዓ.ም. የታወጀው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግም ከመቅጣት ጋር ጥፋተኛውን ማረምን ዓላማው አደረገ። በ1995 ዓ.ም. ዐዋጅ ቁጥር 365 የፌዴራል ማረሚያ ቤቶች ኮሚሽንን አቋቋመ። እንግዲህ «ማረሚያ» ከተባለ፥ አራሚው ማን ነው?

በካናዳ እስር ቤቶች በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ለዚህ ጥያቄ አንድ መልስ ተሞክሯል። ጥፋት ከችኩል ሐሳብ ይወለዳል ተብሎ፥ እስረኞች በትንሽ ቡድን ተቀምጠው ቍጣቸውን ምን እንደ ቀሰቀሰው፥ በዚያች ሰዓት ምን እንዳሰቡና ሌላ ምን ማድረግ ይችሉ እንደ ነበር ይለማመዱ ጀመር። ትምህርቱን የሚመሩት የአእምሮ ሊቃውንት ብቻ አልነበሩም፤ የሠለጠኑ የእስር ቤቱ ሠራተኞችም ነበሩ።

ነገሩን ወደ አገራችን መልሰን እንመልከተው። ከቦንጋ ወደ ሚዛን በሚወስደው መንገድ ላይ ካለችው ከሺሺንዳ አንድ ወጣት በድንበር ጠብ ሰው አቍስሎ ቢታሰር፥ ስለ ንዴቱ በከፍኛ እንጂ በመጽሐፍ አማርኛ አይናገርም። ስለዚህ ከአዲስ አበባ የሚላክ አንድ መምህር አይበቃም። የአገሩን ቋንቋና የሽምግልና ልማድ የሚያውቁ ጠባቂዎች ተመርጠው፥ እነርሱ ራሳቸው ሌሎችን እንዲያሠለጥኑ መማር አለባቸው።

ይህ መንገድ አንድ አደጋ አለው። ትምህርት ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ ይሳሳል፤ ንግግሩ ይቀርና ልምምዱ ይጠፋል። መድኃኒቱ ሠልጣኙ ቡድን ሲመራ አሠልጣኙ ተቀምጦ መመልከቱና ማረሙ ነው። በተጨማሪም ጧት ትዕግሥትን ያስተማረ ጠባቂ ማታ በዱላ ቢያስፈራራ፥ እስረኛው የሚያምነው ዱላውን ነው።

ከዚህ ታሪክ የምናገኘው ፍሬ ነገር ይህ ነው፤ የቤቱን ስም ዐዋጅ ሊለውጠው ይችላል፤ ሥራውን የሚለውጠው ግን የጠባቂው ትምህርት ነው።