በእጅ የተያዘችው አንድ

የሒሳብ መምህር ነኝ። እንግሊዛዊው አላን ቱሪንግ በ1950 እ.ኤ.አ. «ማይንድ» በተባለው መጽሔት ላይ፣ ማሽን ያስብ እንደሆነ በጽሑፍ ጥያቄና መልስ እንፈትነው ያለበትን ጽሑፍ ሳነብ ዓይኔ ያረፈው መደመሩ ላይ ነው። ጠያቂው 34957ን ከ70764 ጋር ደምር ይላል። ተጠያቂው 30 ሰከንድ ያህል ቆይቶ 105621 ብሎ ይመልሳል።

ተሳስቷል፤ መልሱ 105721 ነው። አሥር ቤት ላይ 2 ጽፎ 1 በእጁ ይዞ ነበር፣ መቶ ቤት ሲደርስ ረሳው። የአራተኛ ክፍል ልጆች ደብተር በዚህ ስሕተት የተሞላ ነው! ቱሪንግ ግን እዚያው ጽሑፍ ውስጥ፣ ሰው ለመምሰል የሚጫወት ማሽን ሆን ብሎ መሳሳት እንዳለበት ይናገራል። ፈተናው ገና ከጅምሩ ከማሰብ ይልቅ ማስመሰልን ይለካ ነበር ባይ ነኝ።

በ1991 እ.ኤ.አ. ቦስተን የኮምፒውተር ሙዚየም ውስጥ፣ ዳኞች እንደ ቱሪንግ ፈተና በጽሑፍ እየጠየቁ ማሽኑን ከሰው የሚለዩበት የመጀመሪያው የሎብነር ውድድር ተካሄደ። ያሸነፈው ፕሮግራም እንደ ሰው የፊደል ግድፈት እያስመሰለ ይጽፍ ነበር። በዚያው ቀን ከተጠያቂዎቹ መካከል የነበረችን፣ ስለ ሼክስፒር ጠንቅቃ የምታውቅ አንዲት ሴት ደግሞ ሦስት ዳኞች ማሽን ናት ብለው ፈረዱባት።